ጣና ላይ 150 ፈረስ ስንት ፈረስ ነው? አራት የጀልባ ሞተሮች ሲመዘኑ

የጀልባ ሞተር ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ጉልበቱ የሚለካው አየሩ ጥቅጥቅ ባለበት ሁኔታ ነው፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው። አየርን በራሱ የሚስብ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ይጥላል። ስለዚህ ባሕር ዳር ወደብ ላይ "150" የሚል ሞተር የታሰረበት ጀልባ በ123 ፈረስ ገደማ ነው የሚሄደው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ ትንሽ ይብሳል፣ ሐዋሳም ከጣና ብዙ አይሻልም። ጫሞ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ያው ሞተር ወደ 133 ፈረስ ይሰጣል። ጋምቤላ፣ ባሮ ላይ ከ140 በላይ ነው። "አርባ ምንጭ ላይ ይሄ ሞተር ይበራል" የሚል ምስክርነት እንግዲህ ባሕር ዳር ሲደርስ ቅናሽ ሊደረግበት ይገባል።

"ኢንጀክሽን ስለሆነ ከፍታ አይነካውም" የሚል ሻጭ ካጋጠመ ግማሽ እውነት ነው የተናገረው። ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊት አንብቦ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ጭስ የለም፣ ካንዴላ አይጠቁርም። የጎደለውን አየር ግን ከየትም አያመጣውም።

እዚህ የሚመዘኑት አራቱ ሞተሮች ሱዙኪ ዲኤፍ150፣ ሜርኩሪ 150 ፎርስትሮክ፣ ያማሃ ኤፍ150 እና ሆንዳ ቢኤፍ150 ናቸው። ሁሉም ባለ አራት ምት፣ ሁሉም አራት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ። መለኪያው ጀልባ 6 ሜትር ተኩል የፋይበር ጀልባ ነው፤ ባዶውን 900 ኪሎ ገደማ፣ 12 ሰው፣ 100 ሊትር ቤንዚን፣ የሕይወት ጃኬት፣ ባትሪና ሞተሩ ሲጨመሩ 2.1 ቶን አካባቢ። ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ቱሪስት የሚያመላልስ ጀልባ ብሎ ማሰብ ይቻላል።

የመጀመሪያው ስህተት ከፍታ የሚጎዳው ከፍተኛውን ፍጥነት ነው ብሎ ማሰብ ነው። ፍጥነት የሚወርደው ከጉልበቱ ባነሰ መጠን ነው፤ 18 በመቶ ጉልበት ሲጎድል ፍጥነቱ 10 በመቶ ያህል ብቻ ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ይህ ጀልባ ጣና ላይ 50 ቢሮጥ ማንም ተሳፋሪ ልብ አይለውም። የሚታወቀው ሲነሳ ነው። ጀልባው ከቆመበት ሲነሳ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፣ ኋላው ይሰምጣል፣ የራሱን ማዕበል ከፊቱ እየገፋ ይታገላል። በቂ አቅም ካለው ማዕበሉ ላይ ወጥቶ ደረቱን ዝቅ ያደርግና በውሃው ገጽ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ከሌለው እዚያው ላይ ይቀራል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይፈሳል፣ ሹፌሩ "እስኪ ሁለት ሰው ወደ ፊት!" ይላል።

በዚያች ሰዓት ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ግን የሚገኘው 5,500 ዙር አልፎ ነው። የሚያነሳው ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ነው፤ ቶርክ በግርድፉ ከሞተሩ ሊትር (ከሲሊንደሮቹ ይዘት) ጋር ይሄዳል። ሊትሩን በማርሹ (ፕሮፔለሩ አንዴ እስኪዞር ሞተሩ በሚዞረው ብዛት) ማባዛት የተለመደ ነው፤ ሱዙኪ 2.867 ሊትር በ2.50 ማርሽ 7.17፣ ሜርኩሪ 3.0 በ1.92 ወደ 5.76፣ ያማሃ 2.785 በ2.00 ወደ 5.57፣ ሆንዳ 2.354 በ2.14 ወደ 5.04 ይመጣል። እዚህ ላይ ቆሞ ሱዙኪን አንደኛ ማለት ይቀላል። ግን ሒሳቡ አላለቀም። ማርሹ ትልቅ ሲሆን ፕሮፔለሩ በዝግታ ይዞራል፤ ያንኑ ፍጥነት ለመስጠት ፒቹ (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት፣ በኢንች) መጨመር አለበት፤ ፒች ሲጨምር ደግሞ ማርሹ የሰጠው ተመልሶ ይወሰዳል።

ስለዚህ ለ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያስፈልገውን ፒች ማስላት ያስፈልጋል። ቀመሩ እንዲህ ነው፤ የሞተሩን ዙር ለማርሹ አካፍል፣ በፒቹ ኢንች አባዛ፣ ከዚያ በ0.0013 አባዛ። የሚወጣው ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው፤ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ የሚያንሸራትተው 15 በመቶ ታስቦ ተቀንሷል። ሜርኩሪ በ5,500 ዙር 13 ኢንች ተኩል ይፈልጋል። ያማሃ በ5,600 ዙር ወደ 14፣ ሆንዳ በዚያው ዙር 15 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ሱዙኪ በ5,700 ዙር 17። ያንን ብዜት አሁን ለፒቹ ስናካፍለው ሜርኩሪ 0.43፣ ሱዙኪ 0.42፣ ያማሃ 0.40፣ ሆንዳ 0.34 ይሆናል። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ያማሃ ከኋላቸው ነው፣ ሆንዳ ግን ርቋል። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ይታወቅ፦ "17 ፒች ነው" የሚል ወሬ የሞተሩ ስም ካልተጠቀሰ ምንም አይነግርም። ሱዙኪ ላይ ልክ የሆነው 17 ሜርኩሪ ላይ ቢታሰር ሞተሩን ያንቀዋል።

ሱዙኪ ዲኤፍ150። የትልቁ ማርሽ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሰፊ ፕሮፔለር ማዞር ይችላል። ሱዙኪ እስከ 16 ኢንች ስፋት ያለው ፕሮፔለር ሲይዝ ሜርኩሪና ያማሃ 14 ኢንች ተኩል አካባቢ ናቸው። በዝግታ የሚዞር ሰፊ ፕሮፔለር ከባድ ጀልባ ሲገፋ ውሃውን ጨብጦ ይይዛል፣ ያነሰ ያንሸራትታል። ከሰዓት በኋላ ጣና ሲነፍስና ማዕበሉ ሲነሳ፣ ፍጥነት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወርዶም ጀልባው መንሸራተቱን እንዳያቋርጥ የሚያደርገው ይኸው ነው። የቫልቭ ማንቀሳቀሻው በዘይት ውስጥ የሚሠራ ሰንሰለት ስለሆነ በየጊዜው የሚለወጥ ቺንጋ የለውም። ጉዳቱ ክብደት ነው፤ እንደ ሞዴሉ ከ220 ኪሎ ይጀምርና ይበልጣል። ዘይትም በአንድ ቅያሬ 8 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ለትናንሽ ማርሾች የተሠራ 14 ኢንች ፕሮፔለር ገዝቶ ማሰር ደግሞ ትርፉን ሁሉ ይበላል፤ ሱዙኪ የሚገዛ ሰው ፕሮፔለሩንም የሱዙኪ ይግዛ።

ሜርኩሪ 150። ከአራቱ ቀላሉ ነው፤ 206 ኪሎ። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ስምንት ቫልቭ፣ አንድ ካምሻፍት፣ ቫልቮቹም ማስተካከያ አይጠይቁም። 3 ሊትር ሆኖ 150 ፈረስ ብቻ ስለሚጠየቅ ሳይጨነቅ ይሠራል። ዘይቱ 6 ሊትር ነው። ሙሉ ጋዝ ላይ ሊደርስበት የሚገባው ዙር ከ5,000 እስከ 5,800 ነው፤ ሌሎቹ 6,000 ድረስ ይሄዳሉ። ጣና ላይ ይህ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ጉልበቱን ቶሎ ያወጣል። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ለሚጭን ቀለል ያለ ፈጣን ጀልባ ከሱዙኪ ይልቅ ይሄ ይመረጣል፤ ከኋላ የሚቀነሰው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ትንሽ ጀልባ ላይ ይታወቃል።

ያማሃ ኤፍ150። 16 ቫልቭ፣ ሁለት ካምሻፍት፣ ንዝረት የሚያረግቡ ዘንጎች፤ ሲሠራ ከሁሉም ለስላሳው። ቺንጋ አለው፤ 1,000 ሰዓት ወይም 5 ዓመት ሲሞላ ይለወጣል። ትኩረት የሚሻው ክፍል ከፍተኛ ግፊት ያለው የቤንዚን ፓምፕ የተቀመጠባት ትንሽ የነዳጅ ጋን ናት። እሷ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፊልትሮ በቆሻሻ ቤንዚን ትዘጋለች፤ ምልክቱ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ደህና ሆኖ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው መታፈኑ ነው። ብዙ መካኒክ ካንዴላ ይለውጣል፣ ኢንጀክተር ያጥባል፣ እሷን አይከፍትም። በጀሪካን የሚመጣ ቤንዚን ለሚጠቀም ጀልባ ከሞተሩ በፊት ውሃ የሚለይ ባለ 10 ማይክሮን ፊልትሮ ማሰር ለአራቱም ግዴታ ነው፣ ለያማሃ ግን እጥፍ ግዴታ። የጀልባው ባለቤት ከዚህ በፊት ያማሃ ካለው፣ መካኒኩም እጁ ያማሃ ላይ ከለመደ፣ ከሜርኩሪና ከሱዙኪ ጋር ያለው ልዩነት የሞተር ዓይነት ለመቀየር የሚያበቃ አይደለም።

ሆንዳ ቢኤፍ150። ጥሩ ሞተር ነው፣ ጣና ግን ቦታው አይደለም። 2.354 ሊትሩ ጉልበቱን የሚያወጣው ላይኛው ዙር ላይ ነው፤ የከፍታ ጉዳት ደግሞ ይበልጥ የሚሰማው ታችኛው ዙር ላይ ነው። በዚህ አቅም ደረጃ ትንሽ ሞተር የፈለገ ሰው ሱዙኪ ዲኤፍ140ኤን ቢያይ ይሻላል፤ 2.044 ሊትር በ2.59 ማርሽ፣ ክብደቱ 179 ኪሎ። አሥር ፈረስ በመተው ወደ 40 ኪሎ ይድናል።

ስለ ሱፐርቻርጀር አንድ ቃል። በጽንሰ ሐሳብ ለከፍታ የሚስማማው አየር በግድ የሚያስገባ ሞተር ነው። ሜርኩሪ ቀድሞ 1.7 ሊትር ባለ ሱፐርቻርጀር ቬራዶ 150 ይሠራ ነበር፣ ያገለገለ አሁንም ይገኛል። ችግሩ የሚያስገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ መሆኑ ነው፤ የጣና ውሃ በክረምት ጭቃ ነው፣ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች በደለል ይደፈናሉ። የሜርኩሪ ሬሲንግ 450አር ደግሞ 4.6 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ባለ ሱፐርቻርጀር፣ 313 ኪሎ ሲሆን ለእሽቅድድም ጀልባ ነው። እዚህ የተጠቀሰው ጀልባ ላይ ማሰር ጀልባውን መስበር ነው።

ሞተር ከተመረጠ በኋላ ያለው ሥራ ግማሹን ውጤት ይወስናል፤ እሱም ፕሮፔለሩን መለካት ነው። ሞተሩ መጀመሪያ በልክ ቁመት ይሰቀል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም እስከ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን። ዝቅ ካለ ውሃ ይጎትታል፣ ከፍ ካለ ኩርባ ላይ አየር ይስብና ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል። የኋላ ግድግዳው 508 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባለ 20 ኢንች እግር፣ 635 ከሆነ ባለ 25 ነው የሚታዘዘው፤ ይህን ሳይለኩ ማዘዝ በጣም ውድ ስህተት ነው።

ፈተናው የሚደረገው ሙሉ ታንክ ተሞልቶ፣ ሙሉ ሰው ወይም የሰው ክብደት ያህል የአሸዋ ጆንያ ተጭኖ ነው። ባዶ ጀልባ ላይ የተለካ ፕሮፔለር ቅዳሜ ቱሪስት ሲሞላ ያሳፍራል። ጠዋት፣ ውሃው ሳይነሳ፣ ሙሉ ጋዝ ይሰጥ፤ ጀልባው ሲንሸራተት ትሪሙ (የሞተሩ ዝንባሌ) በትንሽ በትንሹ ይነሳ፤ ዙሩ መጨመር ያቆመበት ቁጥር ይጻፍ። ሜርኩሪው 4,900 ላይ ከቆመ ፒቹ በዝቷል። አንድ ኢንች ፒች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ እንግዲህ 5,500 ለመድረስ ሦስት ወይም አራት ኢንች መውረድ አለበት። ከባሕር ጠረፍ የታዘዘ ሞተር 17 ፒች ይዞ መጥቶ ባሕር ዳር ላይ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። "ይሄዳል፣ ምን አለበት" ብሎ መተው ግን ሞተሩን ይገድለዋል፤ ሙሉ ጋዝ ተከፍቶ ዙሩ የማይወጣ ሞተር ይግላል፣ ካርቦን ያጠራቅማል፣ ፒስተኖቹም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። ዙሩ ገደቡን አልፎ ከሄደ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፒች ይጨመር።

አሉሚኒየም ወይስ ብረት? የማይዝገው ብረት ቀጭን ስለሆነ ፍጥነት ይጨምራል። የጣና ዳር ግን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በበጋ ውሃው ሲወርድ በዘጌና በደሴቶቹ ማረፊያዎች አጠገብ ድንጋዩ ከገጹ ጥቂት ሳንቲም ሜትር ዝቅ ብሎ ይተኛል። አሉሚኒየም ፕሮፔለር ሲመታ ጥርሱ ይታጠፋል። ብረቱ አይታጠፍም፣ ድንጋጤውን ለማርሽ ሳጥኑ ያስተላልፋል። ከማርሽ ሳጥን ፕሮፔለር ቢጎዳ ይሻላል፤ አሉሚኒየም፣ ከመለዋወጫው ጋር ሁለት።

ከድንጋዩ የባሰው መረብ ነው። ቀጭኑ የናይሎን የዓሣ መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሹፌሩ ከፊት ያለውን ቆርጦ ጥሎ ይሄዳል። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ የተጠቀለለችው ጥቂት ክር ግን ትቀራለች። እየዞረች ትሞቃለች፣ ትቀልጣለች፣ ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ ትቆርጠዋለች። ውሃ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ምንም ሳይናገር ሳምንታት ይሠራል፣ አንድ ቀን ማርሹ ይጮኻል። መከላከያው ቁልፍና 10 ደቂቃ ነው፦ በየ25 ሰዓቱ የፕሮፔለሩን ዳዶ ፈትቶ፣ ፕሮፔለሩን አውጥቶ ዘንጉን ማየት፣ ክር ካለ በቢላ ሳይሆን በእጅ መንቀል፣ ግሪስ ቀብቶ መመለስ። በዚያውም የማርሽ ሳጥኑን የታችኛ ብሎን ትንሽ ላላ ማድረግ። ከታች መጀመሪያ ጥርት ያለ ውሃ ካንጠባጠበ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ጎሚኒው ሄዷል፤ በዚያ ቀን ጉዞ የለም።

የውሃ ፓምፑ ላስቲክ፣ ኢምፔለሩ፣ መጽሐፉ ከሚለው ቀድሞ ይለወጥ። የጣና ደለል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ በየ100 ሰዓቱ አውጥቶ ማየት፣ ክንፎቹ ከታጠፉ ወይም ጫፋቸው ከተበላ መጣል። ከኋላ የምትወጣው የውሃ ጅረት ከደከመች የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ወደ ጎርጎራ በኩል፣ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ እምቦጩ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን የያዘው ይህ አረም የውሃ መሳቢያውን ቀዳዳ ይለጥፈዋል። በሙሉ ጋዝ ጥሶ ለማለፍ መሞከር የሙቀት ደወሉን ያስጮኻል። ጋዝ ቀንሶ፣ ማርሽ አውጥቶ፣ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ማስኬድ አብዛኛውን ያራግፈዋል፤ ካልሆነ ሞተሩን አጥፍቶ አንስቶ በእጅ።

ነዳጁ። ይህን ጀልባ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር የሚነዳ 150 ሞተር ከ22 እስከ 28 ሊትር በሰዓት ይፈጃል፤ ሙሉ ጋዝ ላይ ጣና ላይ 47 አካባቢ። ናርጋ ደርሶ መልስ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ 60 ሊትር ይበቃል፣ መያዝ ያለበት ግን 90 ነው። አንድ ሦስተኛ መሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ መመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለነፋሱ።

ባለ ሁለት ምቱ 40 ኢንዱሮ አላለቀለትም ወይ የሚል ይኖራል። አላለቀለትም። የያማሃ 40 ኢንዱሮ በገመድ ይነሳል፣ ኮምፒውተር የለውም፣ የትም መካኒክ ይከፍተዋል፤ ለትንሽ የዓሣ ጀልባና ለቀስታ ጉዞ ዛሬም ተመራጭ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ከፍታን አያውቅም፣ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዋናዋ የካርቡሬተር ቀዳዳ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ትነስ። ዘይቱ 50 ለ1 ነው፤ 20 ሊትር ቤንዚን ላይ 400 ሚሊ ሊትር፣ የሞተር ሳይክል ሳይሆን ቲሲ-ደብሊው3 የሚል የጀልባ ዘይት። ጭስ እንዲቀንስ ብሎ ዘይት መቀነስ ፒስተን ማቃጠል ነው።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ያገለገለ 150 ዋጋው ያማልላል። መጀመሪያ ቴርሞስታቱ ይከፈት፤ ነጭ የጨው ክምር ካለ የማቀዝቀዣው መንገድ ሁሉ እንደዚያው ነው። ጨዋማ ውሃ ላይ የታሰሩት የዚንክ መከላከያዎች ጣና ላይ አይሠሩም፤ ጨው በሌለበት ውሃ ዚንክ ቆዳ አውጥቶ ይተኛል፣ በአሉሚኒየም ወይም በማግኒዥየም ይለወጡ። የሲሊንደር ግፊት ሲለካ ደግሞ ገዥም ሻጭም የሚጣሉበት አንድ ነገር አለ፤ ዱባይ ላይ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያነበበ ሲሊንደር ባሕር ዳር ላይ 150 አካባቢ ያነባል። ሞተሩ አልደከመም፣ አየሩ ነው የሳሳው። መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይቅር።

አዲስ የሚያዝ ሰው ፕሮፎርማው ላይ አምስት ነገር በጽሑፍ ያስገባ፦ የእግሩን ርዝመት፣ ሁለት አሉሚኒየም ፕሮፔለር (ለሱዙኪ 17 እና 15፣ ለሜርኩሪ 15 እና 13፣ ለያማሃ 15 እና 13)፣ ሦስት ኢምፔለር ከነጎሚኒዎቹ፣ የፕሮፔለር ዘንግ ጎሚኒ ሁለት ጥንድ፣ እና ባለ 10 ማይክሮን ፊልትሮ ከስድስት መለዋወጫ ጋር። ሻጩ "ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይመጣል" ካለ ፒቹ ስንት እንደሆነ ይጠየቅ፤ 17 ሜርኩሪ ላይ ካለ፣ አሁኑኑ ይለወጥ።